ስለ ጣራ ሥራና ስለ ቆርቆሮ ንግድ

በቦረና፣ በሳይንት፣ በወግዲና በለጋምቦ ደጋ ላይ ቤት ያቆመ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፤ የጭቃ ቤት ጣራ የሚወጣው ግድግዳው ከመመረጉ በፊት ነው። ቋሚው ይተከላል፤ ማገሩ ይታሰራል፤ ወራጁ ይጫናል፤ ወዲያውም ቆርቆሮው ይመታል። ጭቃው በጭድ ተቦክቶ የሚመረገው ከዚያ በኋላ በጣራው ጥላ ሥር ነው፤ ሳይደርቅ ዝናብ ያገኘው ምርጊት ታጥቦ ይወርዳልና። በድንጋይና በብሎኬት ቤት ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ መሠረቱ፣ ግንቡና አርማታው ሁሉ ካለቀ በኋላ ጣራው በመጨረሻ ይመጣል። ይህ የቅደም ተከተል ልዩነት የግንበኛና የአናጢ ጉዳይ ብቻ መስሎ የሚታየው ነጋዴ ቢኖር፤ የራሱን የሽያጭ መዝገብ ገና አልመረመረም ለማለት እደፍራለሁ።

የጭቃ ቤት የሚሠራው ገበሬ እንጨቱን ከራሱ ባሕር ዛፍ ይቆርጣል፤ ጭቃውን ከግቢው፣ ጭዱን ከአውድማው ያገኛል፤ ጉልበቱንም በደቦ ይረዳዳል። ከሱቅ በጥሬ ገንዘብ የሚገዛው ቆርቆሮና ሚስማር፤ ቢበዛ የበር ማጠፊያና ቁልፍ ነው። ስለዚህ በታኅሣሥ ስንዴውንና ባቄላውን ሸጦ ወደ መካነ ሰላም ወይም ወደ አጅባር ገበያ ሲወጣ፤ ለቤቱ የያዘው ገንዘብ ገና አልተነካም፤ እጁም ሙሉ ስለ ሆነ የተሻለውን መርጦ ይገዛል። የብሎኬት ቤት የሚያሠራው የከተማ ሰው ግን አስቀድሞ ለድንጋይ፣ ለአሸዋ፣ ለሲሚንቶ፣ ለፌሮና ለግንበኛ ከፍሏል። ጣራው ላይ ሲደርስ ኪሱ ባዶ ሆኖ ይገኛል፤ ወደ ሱቃችንም ገብቶ በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ቀጭኑ ስንት ነው?» ብሎ ነው። በዚህም ምክንያት በከተማችን፤ በተለይም የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ ከተከፈተ ወዲህ እየተበራከቱ በሄዱት የኪራይ ክፍሎች ላይ፤ የግንቡ ጥንካሬና የክዳኑ መሣሣት ሲተያዩ የሚያስደንቅ ነው። ከጭቃው ቤት ይልቅ የግንቡ ቤት ደካማ ጣራ ይዞ ይገኛል።

አሁን ሙያውን ከሌሎቹ የሕንፃ ሙያዎች ጋር እናስተያይ። ግንበኛው በአንድ ቤት ላይ ለወራት ይሠራል፤ በየሳምንቱም ሒሳቡን ይቀበላል። ጥፋት ቢያጠፋ ልስኑ ይሸፍንለታል፤ ግድግዳው የሚሰነጠቀው ከዓመታት በኋላ ስለ ሆነም የሚጠይቀው የለም። ጣራ የሚመታው አናጢ ግን መካከለኛውን ቤት በሁለት ወይም በሦስት ቀን ስለሚጨርስ፤ የእጅ ዋጋው በቁርጥ ሲቆረጥ ባለቤቱ የሚያየው ቀኑን እንጂ ሙያውን አይደለም። ለመጀመር የሚያስፈልገው ሀብት መዶሻ፣ የቆርቆሮ መቀስ፣ ገመድና መሰላል ብቻ መሆኑ ለድኻ ልጅ በር የሚከፍት ነው፤ ነገር ግን ይኸው በር ለሁሉ የተከፈተ በመሆኑ ዋጋውን ዝቅ ያደርግበታል። የሥራው ወራትም ጥቂቶች ናቸው፤ ከመኸሩ መሰብሰብ እስከ ግንቦት ሲሆን፤ በመካከሉ የበልግ ዝናብ ይቆርጠዋል። ክረምት ሲገባ የሚፈለገው ለሚያፈስ ጣራ ብቻ ነው፤ ለዚያም «አንድ ሚስማር ለመምታት ምን ይከፈላል!» ይባላል። የወደቀ እንደ ሆነ ደግሞ አስታማሚው ቤተሰቡ ነው። ከሁሉ የሚከፋው፤ እርሱ ያልመረጠው ቆርቆሮ በመጀመሪያው በረዶ ሲጎደጉድ ወቀሳው በእርሱ ላይ መውረዱ ነው።

ይህን የምለው ከሩቅ ሰምቼ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቁጥር 30 የሚል ጽሑፍ ያለበትን ቆርቆሮ ገዝቼ በሱቄ ሸጥሁ። አንድ ደንበኛዬ ከበልግ በኋላ በበረዶ የተጨረማመተ ቅጠል ተሸክሞ መጣና፤ አንዳችም ሳይናገር በመሸጫዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። አናጢውን ልወቅስ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ነገር ግን ቅጠሉን በእህል ሚዛን ላይ ባወጣው ከሚገባው እጅግ ቀለለ። ያቀረበልኝን ድርጅት ስም ማንሣት አያስፈልግም። ጥፋቱም የእርሱ ብቻ አልነበረም፤ የተጻፈውን ቁጥር አምኜ ሳልመዝን የተቀበልሁት እኔ ነኝ።

ባልንጀሮቼ ባለ ሱቆች ይህን ስሌት ቢይዙ ይጠቀማሉ። ጌጅ የሚባለው ቁጥር በጨመረ መጠን ቆርቆሮው ይሣሣል፤ 32 ከ28 ቀጭን ነው። ይሁን እንጂ ቁጥሩ ከአንዱ የአለካክ ደንብ ወደ ሌላው ስለሚለያይ ብቻውን ምስክር አይሆንም። ብረት ግን አይዋሽም፤ አንድ ሜትር ካሬ ስፋትና አንድ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ጠፍጣፋ ላሜራ 7.85 ኪሎ ግራም ይመዝናል። እንግዲህ ለአንድ ቤት 50 ሜትር ካሬ ላሜራ ቢገባ፤ ውፍረቱ 0.30 ሚሊሜትር ከሆነ ወደ 118 ኪሎ፣ 0.25 ከሆነ ወደ 98 ኪሎ ይመዝናል ማለት ነው። የሃያ ኪሎ ብረት ልዩነት በዓይን አይታይም፤ በሚዛን ግን ይታያል። ስፋቱ የሚለካው ሞገዱ ሳይወጣ በነበረው ጠፍጣፋ ላሜራ መሆኑን ማስተዋል ያሻል፤ ሞገድ የወጣለት ቅጠል ወርዱ ይጠብባልና።

ቀጭን ብረት ጣራ ሊሆን የቻለው በሞገዱና በዚንኩ ምክንያት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1829 በለንደን ፓልመር የተባለው መሐንዲስ ለሞገዱ፤ በ1837 ደግሞ ሶሬል የተባለው ፈረንሳዊ ለዚንክ ቅቡ የፈጠራ መብት አገኙ። ወደ አገራችንም ይህ ዕቃ በቀላሉ የገባው የባቡር ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ነው፤ ረጅም ቅጠል በበቅሎ ጭኖ ገደል መውጣት ምን ያህል እንደሚያስቸግር መገመት አያዳግትም። ዛሬ ጥቅል ላሜራው በጅቡቲ ወደብ ገብቶ ሞገዱ በአገር ውስጥ ፋብሪካዎች ይወጣለታል፤ ዋጋው ግን እንደ ቀድሞው በውጭ ምንዛሪ የታሰረ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በክልሉ ያለው የጸጥታ ችግር ከደሴ በአቀስታ በኩል ወደ እኛ የሚመጣውን ጭነት አስቸጋሪ አድርጎታል። ዋጋ እንዲህ ሲወደድ፤ ዋጋውን ከማናገር ብረቱን ማሣሣት የሚቀልለው ሻጭ መምጣቱ አይቀርም።

የሣር ክዳንን የሚንቁ አሉ፤ እኔ ግን ከእነርሱ ጋር አልስማማም። ሣር ለደጋ ብርድ ይሞቃል፤ በረዶም ሲወርድ ጆሮ አያደነቁርም። እሳት መፍራቱና በየጊዜው መታደሱ ግን ጉዳቱ ነው። ቆርቆሮ ሣርን የሚበልጥበት አንድ ነገር፤ ብዙ ነጋዴዎች የማያስቡት፤ ውሃው ነው። በአንድ ሜትር ካሬ ላይ የወረደ አንድ ሚሊሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ስለ ሆነ፤ 50 ሜትር ካሬ መሬት በሚሸፍን ጣራ ላይ 20 ሚሊሜትር የሚዘንብበት ቀን አንድ ሺህ ሊትር ያህል ያወርዳል። የሚፈስሰውና የሚረጨው ቢቀነስለት እንኳ የሚተርፈው ብዙ እንስራ ነው። ይሁንና ቆርቆሮ ሸጠን አሸንዳና በርሜል ሳናሳይ ገዢውን እናሰናብተዋለን፤ ሚስቱም በክረምት ቁልቁለት ወርዳ ውሃ ትቀዳለች።

በበኩሌ የማሳስበው ይህ ነው። የብሎኬት ቤት የሚጀምር ሰው ሲሚንቶ ሊገዛ ሲመጣ የጣራውን ዋጋ በዚያው ቀን እናሰላለት፤ አቅም ካለውም ቆርቆሮውን አስቀድሞ ይግዛ። ቀብድ ተቀብሎ ዕቃውን በኋላ ማስረከብ ለነጋዴ አደገኛ መሆኑን አልዘነጋም፤ ዋጋ ከፍ ቢል ኪሳራው የሻጩ፣ ዕቃው ቢታጣ የገዢው ነው። ስለዚህ ቅጠሉ ተቆጥሮና ተመዝኖ ወዲያው ወደ ገዢው ቤት ይሂድ። ነገር ግን ዝናብ በማያገኘውና አየር በሚያገባ ቦታ ይቀመጥ፤ እርስ በርሱ ተደርቦ የረጠበ ቆርቆሮ ነጭ ዝገት አውጥቶ ዚንኩን ይበላዋል። በደረሰኙም ላይ ከቁጥሩ ቀጥሎ ክብደቱ ይጻፍ።

ለአናጢውም ውል ይኑረው። ሚስማሩ በሞገዱ ጉብታ ላይ ከነጎማው እንጂ በጎድጓዳው እንዳይመታ፤ የላይኛው ቅጠል በታችኛው ላይ ቢያንስ 15 ሳንቲሜትር እንዲደርብ በውሉ ይግባ። ከእጅ ዋጋው አንድ አሥረኛው እስከ መጀመሪያው ዝናብ ይቆይለትና ተመልሶ ጣራውን ካየ በኋላ ይቀበል። ይህን ለአንዳንድ አናጢዎች ባወያያቸው የተቃወመኝ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም አሥረኛውን ባለቤቱ ያስቀርብኛል ብሎ ስለ ፈራ ነው። ፍርሃቱ እውነት አለው፤ ገንዘቡ በባለ ሱቁ እጅ ቢቀመጥ ግን የሚስማማ መሆኑን ነግሮኛል።

ሚዛኑን ከቆርቆሮው ክምር አጠገብ ካስቀመጥሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ከአቅራቢዎቼ አንዱ ቅር ተሰኝቶ መምጣቱን ተወ። ሌላው ግን ዛሬ መኪናውን ሲያራግፍ፤ እኔ ሳልጠይቀው የመጀመሪያውን እስር ራሱ በሚዛኑ ላይ ያወጣዋል።