ሰው የት አለ?

በዚህ ሰሞን በምግብ አዳራሹም በመኝታ ክፍሎቹም አንድ ክርክር ተነሥቷል። መነሻው የሥዕል ክበባችን በቅርቡ ያሳየው ትርኢት ነው። ከተሰቀሉት ሥዕሎች ስድስቱ በፓስቴል የተሠሩ ሲሆኑ፣ ጭላዳ፣ ገደል፣ ጉምና ጅብራ እንጂ አንድም ሰው አይታይባቸውም። ታዲያ አንድ ወንድማችን በአስተያየት መዝገቡ ላይ «ሰው የት አለ?» ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩም ሌሎች እየተቀባበሉ ፈረሙበት። አሁን ደግሞ ነገሩ ከመዝገብ አልፎ፣ የሕዝቡን ኑሮ የማያሳይ ሥዕል ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ በትርኢቱ እንዳይገባ ደንብ ይውጣ የሚል ሐሳብ ቀርቧል።

እኛ ደንቡን እንቃወማለን። ጥያቄውን ግን አንንቅም። በውነቱ ከሆነ በዚያ መዝገብ ላይ ከሰፈረው «በጣም ቆንጆ ነው» እና «በርቱ» ሁሉ ይልቅ መልስ የሚገባው እርሱ ብቻ ነው።

የደንቡ ደጋፊዎች አብነት አድርገው የሚጠቅሱት ፈረንሳዊውን ሠዓሊ ዣን ፍራንሷ ሚሌን ነው። እኛም ከእርሱ እንነሣ። ሚሌ በ1814 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን) በኖርማንዲ ግሩሺ በምትባል መንደር ከገበሬ ቤት ተወለደ፤ ከሥዕል በፊት የተማረው የእርሻን ሥራ ነው። በ1849 ፓሪስን ትቶ በፎንቴንብሎ ደን ዳር ወዳለችው ወደ ባርቢዞን መንደር ገባ፤ እዚያው በ1875 ሞተ። በ1857 ለትርኢት ያቀረባቸው ሦስት ቃራሚ ሴቶች፣ ጎንበስ ብለው ከታጨደ ማሳ የወደቀ ዛላ ሲለቅሙ፣ የፓሪስን ባለጸጎች አስደንግጠዋል፤ ከሴቶቹ ጀርባ አብዮት የታያቸው ሐያስያንም ነበሩ። ጓደኞቻችን የሚያውቁት ሚሌ ይህ ነው።

ሌላም ሚሌ አለ። ከ1865 ገደማ ጀምሮ ኤሚል ጋቬ የተባለ አርክቴክት ፓስቴል እንዲሠራለት ደጋግሞ ያዘው ነበር፤ ሰውየው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ90 የሚበልጡ ሥራዎቹን ሰበሰበ። በዚያው ዘመን፣ በ1867 እና በ1868፣ ከሠራቸው ፓስቴሎች አንዱ ዛሬ በአሜሪካ በቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል፤ ስሙ «ፒሳንሊ» ነው። ፒሳንሊ የሜዳ አረም ናት፤ ቢጫ አበባዋ ሲያረጅ ነጭ ኳስ ይመስልና፣ እፍ ሲሉት ዘሩ እንደ ባዘቶ ይበናል። ሥዕሉን የሞላው ይህችው አረምና ሣሩ ብቻ ነው። ቃራሚዎቹን የሣለ እጅ ለአንዲት አረም ይህን ያህል ትዕግሥት የሰጠው ምን ቢያይባት ነው? እኛ እንደሚመስለን፣ አረምን ከዚያ ቅርበት የሚያያት የሚያርም ሰው ነው። ጎንበስ ያለው ገበሬ በሥዕሉ ውስጥ የለም፤ የምናየው ግን በእርሱ ዓይን ነው።

ስለ ፓስቴል ራሱ ጥቂት ብንናገር አይጠላም፤ ብዙዎች ሕፃናት የሚሞነጫጭሩበት የሰም ቀለም ይመስላቸዋልና። ፓስቴል የተፈጨ የቀለም ዱቄት ነው፤ ከጠመኔ ዱቄትና ከጥቂት ሙጫ ጋር ተለውሶ፣ በጣት ውፍረት ተድቦልቡሎ ይደርቃል። ሙጫው ለማያያዝ ያህል ብቻ ስለሆነ ወረቀት ላይ ሲያሹት ቀለሙ እንዳለ ይቀራል፤ ዘይት የለ፣ ውሃ የለ፣ እስኪደርቅ መጠበቅ የለ። ጎሕ ሲቀድ በየደቂቃው የሚለዋወጠውን የተራራ ቀለም ተከታትሎ ለመያዝ ከዚህ የሚሻል መሣሪያ አናውቅም። አውሬም ቢሆን «ቆይ፣ ቀለሜ ይድረቅ» ቢሉት አይጠብቅም። ሚሌ በመጀመሪያ በጥቁር ጠመኔ ቅርጹን ያወጣና፣ በላዩ አጫጭር የቀለም ጭረቶችን ጎን ለጎን እየጣለ፣ የወረቀቱም መልክ በየመሐሉ እንዲታይ ይተው ነበር። ችግሩ፣ ዱቄት ነውና ሲነኩት ይረግፋል።

የጋቬ ስብስብ በ1875 በፓሪስ ለሽያጭ ሲቀርብ ሊያዩ ከገቡት አንዱ በሥዕል ነጋዴ ቤት ተቀጥሮ የሚሠራ የ22 ዓመት ወጣት ነበር። ያ ወጣት ቪንሰንት ቫን ጎግ ነው። አዳራሹ ሲገባ በተቀደሰ ምድር ላይ እንደሚቆም ሰው ጫማን ማውለቅ የሚገባ መስሎ እንደተሰማው ለወንድሙ ጻፈለት። ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት አያሻም። ገና ሠዓሊ ባልሆነበት በዚያ ዕድሜ ያየው ነገር አልለቀቀውም፤ በ1890፣ በሞተበት ዓመት፣ ሚሌ በዘይት ቀለምም በፓስቴልም የሠራውን የብርድ ወራት ማሳ እርሱም በበኩሉ ሣለው። የሚሌ ማሳ ባዶ ነው። ማረሻና የጓል መከስከሻ ሜዳ ላይ ተትተዋል፤ ቁራዎች ያንዣብባሉ፤ ሌላ የለም። ሆኖም ያን መከስከሻ ማን እንደ ተወው፣ ለምንስ እቤቱ እንደ ገባ የማይገባው ተመልካች ይኖራልን?

«ለሕዝብ ምን ይጠቅማል?» ለሚሉን ደግሞ አንድ ታሪክ እንጥቀስ። የሚሌ ወዳጅና የባርቢዞን ጎረቤቱ ሠዓሊው ቴዎዶር ሩሶ፣ የፎንቴንብሎ ጥንታውያን ዛፎች ሲቆረጡ ዝም ብሎ አላየም፤ በ1852 ለመንግሥት አቤት አለ። በ1853፣ 624 ሄክታር ከመጥረቢያ ዳነ፤ በ1861 በንጉሠ ነገሥቱ ድንጋጌ 1,097 ሄክታር ለሥነ ጥበብ ተብሎ ተከለለ። አሜሪካኖች የሎውስቶንን የከለሉት ከዚያ 11 ዓመት ዘግይተው ነው። ዛፍ ሣሉ ተብለው የተናቁ ሰዎች ዛፍ አዳኑ።

ሆኖም መከለል ሁልጊዜ ዋጋ አለው፤ ዋጋውንም የሚከፍለው ሠዓሊው አይደለም። የክበባችን ልጆች የሣሉት የሰሜን ተራሮች ፓርክ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ዝርዝር ገባ፤ የወጣው በ2017 ነው። ከመውጣቱ አንድ ዓመት በፊት፣ በ2016፣ በፓርኩ ውስጥ ይኖር የነበረው የግጭ ሕዝብ ተነሥቶ ወደ ደባርቅ እንዲሰፍር ተደርጓል። ለዋልያውና ለሣሩ በጀ፤ እዚያ ተወልዶ ገብስ ሲዘራ በጎች ሲያረባ ለኖረው ሰው ግን ምን እንደ ሆነ ራሱን መጠየቅ ነው። ስለዚህ «ሰው የት አለ?» የሚለው ጥያቄ የእውነት የሚቆረቁረው በዚህ ቦታ ነው። የግጭን ሜዳ ሥሎ ማን እንደ ለቀቀው የማያውቅ ሠዓሊ፣ ቀለሙ ቢያምርም፣ የነገሩን ግማሽ ብቻ ነው የሚነግረን።

አሁን ወደ ስድስቱ ሥዕሎች እንምጣ፤ እውነቱን ብንናገር ጓደኞቻችን አይቀየሙንም። ሁለቱ ከፎቶግራፍ የተቀዱ ናቸው። የጭላዳው ጠጉር አንድ በአንድ ተቆጥሮ ተሥሏል፤ ነፋስ ግን አይነካውም፤ የቆመበትም ምድር የለም። እንዲህ ያለውን በሆቴል ግድግዳ ላይ እስኪበቃን አይተነዋል። አራተኛው ሌላ ነው። ጭላዳው ተቀምጦ በጣቶቹ ሣር ይነጫል፤ በደረቱ ላይ ያለው ቀይ ቆዳ የጠዋት ብርድ የያዘው ይመስላል። ከበስተጀርባው፣ በተረተሩ ላይ፣ ሁለት ቡናማ ጭረቶች አሉ። ቀረብ ብሎ ላያቸው የእርሻ ትልም ናቸው። ጭላዳው የሚነጨው ሣርና ገበሬው የሚያርሰው መሬት አንድ ተዳፋት ላይ ናቸው። ከፈረሙት መካከል ስንቱ እዚያ ድረስ ቀረበ?

ጥያቄው ለእያንዳንዱ ሥዕል፣ ሥዕሉ ፊት ተቁሞ ይጠየቅ፤ ሠዓሊውም ይመልስ። ደንብ ከሆነ ግን የሚሌን ፒሳንሊና ያን ባዶ ማሳ ከበር ይመልሳል፤ በአንጻሩ ማንም ከጋዜጣ የገለበጠው ባለ መዶሻ ሠራተኛ ሰተት ብሎ ይገባል።

ማኅበሩ ደንብ ለማርቀቅ ከሚሰበሰብ ይልቅ ስድስት መስታወት ቢገዛ እንመርጣለን። ሥዕሎቹ የተሰቀሉት ያለ ክፈፍ ያለ መስታወት በመተላለፊያው ላይ ነው፤ በአራተኛው ቀን የጅብራው ሥዕል ጠርዝ በአላፊ አግዳሚው ትከሻ ተጠርጎ አረንጓዴው ዱቄት ወለሉ ላይ ነበር።