የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ የኤሌክትሪክ መኪኖች ቤንዚኑን ይተካሉ?
በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ጥያቄው የባለሀብቶች ብቻ መሆኑ ቀርቷል። አይዲ 6ን የመሰሉ ባለሰባት መቀመጫ የኤሌክትሪክ መኪኖች ዛሬ ቦሌ መንገድ ላይ ብርቅ አይደሉም።

ለከተማ ኑሮ ቤንዚኑን በደንብ ይተካሉ ባይ ነኝ። ማታ ግቢ ውስጥ ተሰክቶ ያደረ መኪና የማደያ ሰልፍ አያውቅም። አየሩ ሲሳሳ የቤንዚን ሞተር የሚደክምበትን የእንጦጦን ዳገት እንደ ልቡ ይወጣል፤ ቁልቁል ሲወርድም ሞተሩ ራሱ ባትሪውን መልሶ ይሞላል።

ደሴና ጎንደር ለሚመላለስ ሰው ግን ገና ነው። መንገድ ላይ ቻርጅ ማድረጊያ እንደ ልብ አይገኝም። አይዲ 6 ደግሞ ለቻይና ገበያ የተሠራ ነው፤ ሲበላሽ የሚጠግነው ባለሙያ ነገር በጣም ያሳስበኛል። የዚህ እትም ዋና ጽሑፍም ከጋራዥ ይጀምራል።