የአውቶሞቲቭ ትምህርት ከራሳችን መንገድ ይነሣ

ከጎሃ ጽዮን ተነሥቶ ወደ አባይ ድልድይ የሚወርድ የጭነት መኪና ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። መኪናው ከነጭነቱ 40 ቶን ቢመዝን፣ አንዱን ሺህ ሜትር ብቻ ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 109 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ስሌቱ ከሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አያልፍም፤ ክብደትን፣ ስበትንና ከፍታን ማባዛት ነው። ውጤቱ ግን ያስደነግጣል፤ በከተማችን የምናየው የተለመደ የኤሌክትሪክ የቤት መኪና ባትሪው ጢም ብሎ ሞልቶ የሚይዘው ኃይል ከዚህ ያንሳል። ጥቂቱን የጎማና የአየር ሰበቃ ይውጠዋል፤ የቀረውን ሾፌሩ ከባድ ማርሽ አስገብቶ በሞተር ካልያዘው ፍሬን ሸራው ላይ ይከመራል። ሸራው ይግላል፣ ይሸታል፣ በመጨረሻም ፍሬን እምቢ ይላል። አውቶሞቲቭ ምህንድስና ለሚማር ኢትዮጵያዊ ወጣት ከዚህ የተሻለ የመጀመሪያ ጥያቄ አላውቅም።

ተማሪዎቻችን የሚያነቧቸው መጻሕፍት በአብዛኛው የተጻፉት መኪና ነድፈው ለሚያመርቱ አገሮች ነው። በእነዚያ አገሮች ምሩቁ ፋብሪካ ገብቶ ከአዲሱ ሞዴል አንዷን ክፍል ሊነድፍ ይችላል። እዚህ የሚገጣጠሙት መኪኖች ግን ንድፋቸው ውጭ አልቆ የመጡ ናቸው። ስለዚህ አምስት ዓመት ተምሮ ዲግሪውን የያዘ ወጣት ሁለት ነገር ይገጥመዋል፤ ሲያልመው የኖረው የንድፍ ሥራ የለም፤ ያለው የምርመራና የጥገና ሥራ ደግሞ «ዩኒቨርሲቲ ገብተህ ጋራዥ ልትወርድ?» የሚያሰኝ ነው። እኔ የምለው፣ መኪናን በዚህ አገር መንገድ ላይ በደኅና ማቆየት፣ ካልተስማማውም ማስማማት፣ ራሱን የቻለ ሙሉ ምህንድስና ነው፤ ትምህርቱም በዚህ ዙሪያ መደራጀት አለበት።

መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካሳወቀ ወዲህ ነገሩ ጊዜ የማይሰጥ ሆኗል። የውሳኔው ምክንያት ይገባኛል። ነዳጅ በዶላር ይገዛል፣ ኤሌክትሪክ ከወንዞቻችን ይመነጫል፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ባለሥልጣናት እንደሚሉት በአገሪቱ ያሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች ከ100 ሺህ አልፈዋል። የአንዷን ኮፋኖ ከፍተን ብናይ፣ ብርቱካንማዎቹ ኬብሎች በአብዛኛው ከ300 ቮልት በላይ የሚሸከሙ ናቸው፤ የቤታችን ሶኬት 220 ነው። መኪናዋ ጠፍታም ቢሆን ኢንቨርተሩ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ለተወሰነ ጊዜ ቻርጅ ይዘው ይቆያሉ። ስለዚህ ጠጋኙ ለዚህ ቮልቴጅ የተሠራ ጓንት አጥልቆ፣ የባትሪውን መለያያ ነቅሎ፣ አምራቹ ያዘዘውን ደቂቃ ጠብቆ፣ መስመሩ ባዶ መሆኑን በሜትር ሳያረጋግጥ እጁን ማስገባት የለበትም።

በካንዴላና በካርቡሬተር ያደገ ጋራዥ ይህን ከማን ይማር? የጋራዥ ቋንቋችን፣ ፍሪሲዮኑ፣ ካምቢዮው፣ ማርሚታው፣ ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ ሙያውም እንደ ቃላቱ ከሰው ወደ ሰው፣ በማየት፣ በመስማትና በመዳሰስ ተላልፎ እዚህ ደርሷል። ለዚህ ዕውቀት ትልቅ ክብር አለኝ፤ አገሪቱን ሲያንቀሳቅስ የኖረ እሱ ነው። ከፍተኛ ቮልቴጅን ግን ዳስሶ መማር አይቻልም፤ የመጀመሪያው ስህተት የመጨረሻው ሊሆን ይችላል። የባትሪ፣ የኃይል ኤሌክትሮኒክስና የኤሌክትሪክ ደኅንነት ትምህርት አውቶሞቲቭ በሚሰጥበት ዩኒቨርሲቲ ሁሉ እንደ ሞተር ትምህርት ግዴታ ይሁን የምለው ለዚህ ነው።

ከውጭ መጽሐፍ ብቻ የማይገኘውን ነገር ደግሞ የከፍታችን ጉዳይ ያሳያል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ አየሯ ከባሕር ጠለል አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ተርቦ የሌለው የነዳጅ ሞተር እዚህ ሲደርስ ጉልበቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል። የኤሌክትሪክ ሞተር አይተነፍስምና ይህ ችግር የለበትም፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ነገር ግን የሳሳ አየር ሙቀትን የሚወስደው በዝግታ ነው፤ ኤሌክትሪክንም የሚከልለው በደካማ ሁኔታ ነው። ዓለም አቀፍ ደረጃዎች በቮልቴጅ ተሸካሚ ክፍሎች መካከል የሚተወውን የአየር ክፍተት በመደበኛነት የሚያሰሉት እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ነው፤ ከዚያ በላይ ክፍተቱ እንዲሰፋ ይጠይቃሉ። አዲስ አበባ፣ ደሴ፣ ደብረ ብርሃን፣ ጎንደር ሁሉም ከዚያ በላይ ናቸው። ለእነዚህ ከተሞች የቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ የሚገዛ መሥሪያ ቤት ዕቃው ለስንት ሜትር ከፍታ እንደተሠራ መጠየቅ አለበት፤ ይህን የሚጠይቅለት ባለሙያ ከዩኒቨርሲቲዎቻችን ካልወጣ ከየትም አይመጣም።

በዚህ ላይ የሚነሣው ትልቁ ተቃውሞ፣ «ጥገና የቴክኒክና ሙያ ሥራ ነው፤ ዩኒቨርሲቲውን ወደዚያ ማውረድ መሐንዲስን መካኒክ ማድረግ ነው» የሚል ነው። ስጋቱ ከንቱ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ሒሳቡንና ፊዚክሱን ትቶ መፍቻ ማስያዝ ብቻ ከጀመረ በእርግጥ ይጎዳል። ነገር ግን አንድ ምሳሌ እንይ። ብዙዎቹ የቻይና መኪኖች የሚጠቀሙበት የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ እያንዳንዳቸው 3.2 ቮልት ገደማ የሆኑ፣ በተከታታይ የተያያዙ መቶ ያህል ሴሎች ይኖሩታል። የዚህ ባትሪ ቮልቴጅ ከሞላ ጎደል ከሙላት እስከ ባዶነት ድረስ ብዙም አይለወጥም። ስለዚህ መቆጣጠሪያው ኮምፒውተር የቀረውን ኃይል በቮልቴጅ አይቶ ማወቅ ይቸግረዋል፤ አልፎ አልፎ እስከ ጫፍ ካልተሞላ ቆጠራው ይሳሳታል። ሁልጊዜ እስከ 80 በመቶ ብቻ የሚሞላ ባለንብረት አንድ ቀን ዳሽቦርዱ 25 በመቶ እያሳየው መንገድ ላይ ሊቆም ይችላል። ጋራዥ ይወስደዋል። ዕቃ መለወጥ ብቻ የለመደ እጅ «ባትሪው ሞቷል» ይላል፤ ባትሪው ደግሞ ከመኪናው ዋጋ ትልቁን ድርሻ የሚይዝ ዕቃ ነው። የሴሎቹን ጠባይ የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ ሙሉ ቻርጅ ያደርገዋል፣ ሴሎቹን አንድ በአንድ ያነብባል፣ ከዚያ ይፈርዳል። ለዚህ ፍርድ ኬሚስትሪ፣ ኤሌክትሮኒክስና መረጃን የመተንተን ችሎታ ያስፈልጋል። ቲዎሪው እዚህ ላይ አልተጣለም፤ እንዲያውም የሚፈተነው እዚህ ነው።

ሌላው ተቃውሞ በቁጥር የተደገፈ ነው። በአገሪቱ ካሉት አንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ ገደማ ተሽከርካሪዎች አብዛኞቹ ዛሬም በነዳጅ የሚሄዱ ናቸው። ቪትዙ፣ አይሱዙው፣ ሲኖትራኩና ሚኒባሱ ገና ብዙ ዓመት አብረውን ይኖራሉ። ልክ ነው፤ የሞተር ትምህርት ይቅር የሚል ሐሳብም የለኝም። ግን መነሻዬ ከዚህ ቁጥር ጋር አይጋጭም፤ ያረጀ መኪና በበዛበት አገር ከንድፍ ይልቅ ምርመራ እንደሚቀድም ቁጥሩ ራሱ ይናገራል።

ስለ ገንዘብም ይነሣል። ለአንድ ክፍለ ትምህርት አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና መግዛት ከባድ ነው። ማስተማሪያ የሚሆን መኪና ግን አዲስ መሆን የለበትም። በግጭት ከጥቅም ውጭ ሆኖ ኢንሹራንስ የተረከበው መኪና ኢንቨርተሩ፣ ሞተሩና የኮምፒውተር መስመሩ ውስጡ አለ። ባትሪውን በጥንቃቄ አውርዶ፣ ለብቻው ከሕንፃ አርቆ ማስቀመጥ ይጠይቃል፤ ይህም ተማሪው ሊያውቀው የሚገባ ሥራ ነው።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳስበኝ የሶፍትዌሩ ቁልፍ ነው። ብዙ መኪኖች የአምራቹ የምርመራ ፕሮግራም ካልተከፈተላቸው ጉዳታቸውን በሙሉ አይናገሩም፤ አንዳንዶቹም ገበታቸው በቻይንኛ እንደተጻፈ ይገባሉ። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ግዛት መራጮች እ.ኤ.አ. በ2012፣ በድጋሚም በ2020፣ የመኪና ባለቤትና የግል ጋራዥ ይህን መረጃ የማግኘት መብት እንዲኖራቸው ድምፅ ሰጥተዋል፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ2018 ባወጣው ደንብ አምራቾች የጥገና መረጃቸውን ለነፃ ጋራዦች እንዲከፍቱ አስገድዷል። እኛም መኪና በብዛት ለሚያስመጣ ድርጅት ፈቃድ ስንሰጥ የጥገና መመሪያውንና የምርመራ ሶፍትዌሩን አውቶሞቲቭ ለሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎች እንዲያስረክብ ቅድመ ሁኔታ እናድርግ። ለመንግሥት ካዝና አንድ ብር አያስወጣም።

የመጨረሻው ነጥቤ የመውጫ ፈተናውን ይመለከታል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ምሩቃን ዲግሪያቸውን ለመያዝ በኮምፒውተር የሚሰጠውን የምርጫ ጥያቄ ማለፍ አለባቸው። ፈተናው መሠረታዊ ዕውቀትን ለመለካት ይጠቅማል፤ ይቀጥል። ነገር ግን ከአራት ፊደላት አንዱን መምረጥ፣ የማይነሣ መኪና ፊት ቆሞ ከየት እንደሚጀመር ማወቅን አይለካም። አጠገቡ አንድ የተግባር ፈተና ይጨመር። መምህሩ አንድ ሴንሰር ወይም አንድ የሽቦ ማያያዣ ሆን ብሎ ያበላሽ፤ ተማሪው ብልሽቱን ያግኝ፣ ለምን እንደተፈጠረና እንዳይደገም ምን መደረግ እንዳለበት በሁለት ገጽ ይጻፍ። አንድ መኪና፣ አንድ መምህርና ግማሽ ቀን ይበቃል፤ ዘንድሮ ከሚመረቁት መጀመር ይቻላል።