ከፉከራው ጎን የሚነበብ መጽሐፍ

መስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው የጋሞ ተወላጆች ሲገደሉ የአርባ ምንጭ ወጣቶች ለበቀል ተነሡ። የጋሞ ሽማግሌዎች ግን እርጥብ ሣር ይዘው ፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። ደም ማፍሰስን ጎሜ፣ ማለትም መቅሰፍት የሚያመጣ ነውር ብሎ በሚፈራ፣ ጠብን በዱቡሻ አደባባይ ተቀምጦ በሚፈታ ሕዝብ መካከል የጦርነት ልቦለድና ግጥም በትምህርት ቤት ማስተማር ምን ይጠቅማል? የሰላም ወግ ያለውን ልጅ የሌላውን ጦርነት ለምን እናስጠናዋለን?

ይህን የሚጠይቅ ሰው ፈሪ አይደለም። የሰሜኑ ጦርነት በፕሪቶሪያው ስምምነት የቆመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ዛሬ በአርባ ምንጭ በኩልፎ ወንዝ ዳር አልፎ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ያን ጊዜ ገና ታዳጊ ነበር። ከደቡብም የዘመቱ አሉ፤ ዘምተውም ያልተመለሱ አሉ። በአንድ ክፍል ውስጥ ወንድሙ የሞተበት፣ አጎቱ ቆስሎ የተመለሰለትና ጦርነቱን በስልክ ቪዲዮ ብቻ የሚያውቅ ልጅ አብረው ይቀመጣሉ። መምህሩ የሰዋስው እንጂ የሐዘን ትምህርት አልተማረም። ይህ ለእኔ ከሁሉም የከበደው ተቃውሞ ነው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው ተቃውሞ የጦርነት ቃል ጦርነትን ያሳምራል የሚለው ነው። እውነት አለው። በአማርኛ ትምህርት ሽለላ፣ ቀረርቶና ፉከራ እንደ ቃል ግጥም ይቀርባሉ፤ ቤት አመታታቸውና ዜማቸው ይተነተናል፤ ተማሪው ወጥቶ ሲያቀርብ ይጨበጨብለታል። በጋሞ ደግሞ ሌላም ነገር ይታከላል። ደጋው ወደ ማዕከላዊው መንግሥት የተጠቃለለው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ፣ በምኒልክ ዘመቻ ነው። የድል አድራጊ ፉከራ ለዚህ ልጅ የራሱ ቅርስ ሊሆን ይችላል፤ በቅድመ አያቶቹ ላይ የተፎከረም ሊሆን ይችላል። መማሪያ መጽሐፉ ይህን ካልነገረው ማን ይነግረዋል?

ሆኖም ተቃውሞው ራሱ አንድ ነገር ያሳያል። ጦርነት ክፍሉ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። የቀረው ከየትኛው በኩል ይነበብ የሚለው ነው፤ ፉከራው የሚያቀርበው ደግሞ ከመዝመት በፊት ያለውን ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን የሚያሳዩት ሌሎች ጽሑፎች ናቸው።

በዓሉ ግርማ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ሆኖ ደርግ በኤርትራ አማጽያን ላይ ባካሄደው የ1974ቱ የቀይ ኮከብ ዘመቻ አስመራ ነበር። ዘመቻው የአማጽያኑን ምሽግ ናቅፋን መያዝ አልቻለም። በ1975 ስለ ዘመቻው የጻፈው ልቦለድ «ኦሮማይ» ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ በየካቲት 1976 ደራሲው ጠፋ፤ እስከ ዛሬም አልተገኘም። ዘመቻውን ያደራጀው መንግሥት ጀግንነትን የሚያሞግስ ወረቀት አልቸገረውም፤ የፈራው የልቦለዱ ባለታሪክ፣ የዘመቻው ጋዜጠኛ ጸጋዬ፣ ውስጡ የሚሰማውን የሚናገርበትን መጽሐፍ ነው። ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ከዚህ የተሻለ የንባብ ትምህርት አላውቅም። በእርግጥ ትረካው የአንድ ወገን ሰው ዓይን ነው፤ ኤርትራዊ አንባቢ የሚከራከርበት ብዙ ነገር አለው። ክርክሩ ራሱ ወደ ክፍል ይግባ።

«ኦሮማይ» ብቻውንም አይደለም። ሐዲስ ዓለማየሁ ከጣሊያን ጋር ተዋግተው፣ ተማርከው ወደ ጣሊያን ተግዘዋል፤ ያን ጊዜ በ«ትዝታ» ጽፈውታል። ተመስገን ገብሬ በ«ሕይወቴ» የየካቲት 12ን ጭፍጨፋ ያየ ሰው ሆኖ ይመሰክራል። አዶልፍ ፓርለሳክ የተባለው ቼክ በጣሊያን ወረራ ጊዜ በሰሜን ግንባር ያየውን ደግሞ ተጫነ ጆብሬ መኮንን «የሐበሻ ጀብዱ» ብሎ ወደ አማርኛ መልሶታል። በውጭም እንዲሁ ነው፤ ጀርመናዊው ሬማርክ የአንደኛውን የዓለም ጦርነት ወታደር ኑሮ የጻፈበትን፣ በ1929 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ የወጣውን ልቦለድ ናዚዎች በ1933 በአደባባይ አቃጠሉት። ለሚቀጥለው ጦርነት ወጣት የሚያዘጋጅ መንግሥት እንዲህ ያለውን መጽሐፍ አይወድም።

ሚዛኔ ስለዚህ ወደ ማስተማሩ ያደላል፤ ግን ፉከራው ብቻውን የሚቀርብበትን ትምህርት አልደግፍም። እንዲያ ከሆነ የተቃዋሚዎቹ ወገን ይሻላል። በአርባ ምንጭ ደግሞ አንድ ምንባብ ይጨመር፤ የሽማግሌዎቹ ንግግር። የሚለምን፣ የሚመርቅ፣ ከበቀል የሚመልስ ቃል እንደ ሽለላው የራሱ ስልትና ምት አለው። ተማሪዎች በጋሞኛ ቀርጸው፣ ጽፈው፣ ወደ አማርኛ መልሰው ከፉከራው ጋር ጎን ለጎን ቢያነቡት ሁለቱም ሥነ ቃል መሆናቸውን ያያሉ።

ወደ መጀመሪያው ተቃውሞ ስመለስ ሙሉ መልስ የለኝም። አንዳንዶች መጽሐፉ ለልጁ ሐዘን ቃል ይሰጠዋል ይላሉ፤ ለአንዳንዱ ይሰጠው ይሆናል፣ የሌላውን ግን በጓደኞቹ ፊት ቁስሉን ይነካካበታል። ቢያንስ የጦርነት ልቦለድ ከአሥራ አንደኛ ክፍል በታች አይውረድ፤ ቤቱ ሐዘን ያለበት ተማሪም ምክንያቱን ሳይጠየቅና ነጥብ ሳይቀነስበት ሌላ ምንባብ መውሰድ እንደሚችል በመምህሩ መምሪያ ላይ በግልጽ ይጻፍ።