የሽንኩርት ዘር ሳንዘራ እንቁጠር

ክረምቱ ወጣ። የመስኖ ቦይ የሚጠረግበት፣ የችግኝ መደብ የሚቆፈርበት ጊዜ ደረሰ። በዚህ ሳምንት የምንነጋገረው ስለ ቀይ ሽንኩርት ዘር ነው።

ያበሻ ሽንኩርት የሚተከለው ራሱ ሽንኩርቱ ነው። የበሰበሰውን ከደኅናው በዓይን እንለያለን። የቀይ ሽንኩርት ዘር ግን እንደዚያ አይደለም። ጥቁር አዝሙድ ይመስላል፤ የሞተውም በሕይወት ያለውም ያው ጥቁር ነው።

እኛም አንድ ዓመት ጉድ ሆነናል። ገበያ ላይ ዘር ተከፍቶ በጣሳ ሲሰፈር አገኘን። ዋጋው ረከሰልንና ገዛን። መደብ አዘጋጀን፣ ዘራን፣ ሣር አለበስን፣ ጧትና ማታ ውሃ አጠጣን። በሦስተኛው ሳምንት ሣሩን ብንገልጠው እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ ነው የበቀለው። ሌላ ዘር እስክናገኝ ጊዜው አለፈ። ለዘሩ የተበደርነውን ገንዘብ በግ ሸጠን ከፈልን። ሻጩን ብንጠይቀው፣ “መሬታችሁ ነው” አለን። መሬቱ ምን አደረገ? ዘሩ ያረጀ ነበር።

የሽንኩርት ዘር ዕድሜው አጭር ነው። ሙቀትና እርጥበት ባለበት ቤት ከከረመ አብዛኛው ይሞታል።

የታሸገ ዘር ስንገዛ የማሸጊያውን ቀን እናንብብ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ለምሳሌ በመስከረም 2018 የገዛነው ማሸጊያ የሚያበቃበት ቀን 03/2025 ይላል እንበል። ያየ ሰው “ገና 7 ዓመት ይቀረዋል” ይላል። አይደለም! ቁጥሩ የፈረንጅ ነው። 3 ማለትም ኅዳር አይደለም፤ ማርች ነው፣ የእኛ መጋቢት ግድም። ከጥር እስከ ጳጉሜን ላለው ጊዜ ከፈረንጁ ዓመት 8 እንቀንስ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ላለው 7 እንቀንስ። 2025 ሲቀነስ 8፣ 2017 ይሆናል። እንግዲህ ዘሩ ጊዜው ካለፈ 6 ወር ሆኖታል ማለት ነው።

ቀኑ ደኅና ቢሆንም ዘሩን እንፈትነው። ፍተሻው ምንም ወጪ የለውም። 50 ፍሬ እንቁጠር። በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ላይ እንበትነውና ጨርቁን አጥፈን ሳህን ላይ እናስቀምጥ። ከፀሐይና ከምድጃ ይራቅ። ጨርቁ እንዳይደርቅ ጧትና ማታ ውሃ እናርከፍክፍበት፤ ግን አይዋኝ። መስከረም 5 የጀመርነው ፍተሻ በ12 ቀኑ ለመስቀል ይደርሳል። ያን ዕለት የበቀለውን ቆጥረን ደብተር ላይ እንጻፍ።

ከ50ው 40 ወይም ከዚያ በላይ ከበቀለ ዘሩ ጥሩ ነው። ለአንድ ጥማድ መሬት 1 ኪሎ ያህል ይበቃል። የመደቡ ስፋት 1 ሜትር ይሁን፤ መሐሉን ሳንረግጥ ከዳርና ከዳር ለማረም ነው። በመስመር፣ ሳናጠልቅ እንዝራ። ሣር እናልብሰው፤ ቡቃያው ብቅ ሲል ግን ሣሩ ይነሣ፣ አለዚያ ቀጥኖ ይቀራል። ከመስቀል ማግስት የተዘራው ለኅዳር ሚካኤል ሰሞን ለመተከል ይደርሳል።

የበቀለው 30 ያህል ከሆነ ዘሩን ጨመር አድርገን እንዝራ። ግማሹ እንኳ ካልበቀለ ግን መሬት አናስነካው። ጨርቁን እንዳለ ጠቅልለን፣ ደረሰኙን ይዘን ወደ ሻጩ እንሂድ። አሁን “መሬታችሁ ነው” ሊለን አይችልም። የዘራነው ጨርቅ ላይ ነው።