ለዘወትር የምትሆን መኪና፤ ከሮቤ እስከ ብድሬ

ሰው ለኑሮው ከሚገዛው ሁሉ ከመኖሪያ ቤት ቀጥሎ ብዙ ገንዘብ የሚወስድበት መኪና ነው። ቤት አንድ ጊዜ ከተሠራ በኋላ በያመቱ የሚጠይቀው ጥቂት ነው፤ መኪና ግን ከተገዛች በኋላ በየሳምንቱ ነዳጅ፣ በየጊዜው ዘይትና ጎማ፣ በያመቱም ምርመራ ትፈልጋለች። ስለዚህ መኪና መግዛት በአንድ ቀን ተፈጽሞ የሚቀር ጉዳይ ሳይሆን፣ በቤተ ሰቡ ላይ አንድ ቀለብተኛ እንደ መጨመር ነው። ከልጆች ትምህርትና ከቤት ወጪ ላይ ቀንሳ የምትበላ መኪና፣ በደጅ ቆማ ስትታይ ክብር ብትመስልም በጓዳ ውስጥ ግን ጉዳት ናት።

አባቶቻችን ይህን ነገር በበቅሎ ያውቁት ነበር። ፈረስ ለጦርና ለሰልፍ፣ በቅሎ ግን ለረጅም መንገድ ትመረጥ ነበር፤ ገዢውም የበቅሎዋን መልክ ብቻ ሳይሆን እግሯንና ሰኰናዋን አይቶ፣ የምትሄድበትንም አገር አስቦ ይገዛ ነበር። መካሪ መብዛቱንም ስላወቁ፣ «በቅሎ ግዙ ግዙ፤ አንዳንድ ነገር ላያግዙ» ብለው ተርተዋል። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሌ ዎልስሌ በምትባል ኦቶሞቢል እስከ አዲስ አበባ መጥቶ ለዳግማዊ ምኒልክ ካሳየ ወዲህ፣ የምንገዛው ነገር ተለወጠ እንጂ የመግዛት ጥበብ አልተለወጠም።

መኪና ወዳዶች በሮቤና በጎባ ሲገናኙ ክርክራቸው በሦስት ወገን የተከፈለ ነው። አንዱ ወገን፣ «ለባሌ አገር ከላንድክሩዘር በቀር መኪና የለም» ይላል። ሁለተኛው፣ «ቪትዝ ወይም ኮሮላ ይበቃል፤ ነዳጅ ትቈጥባለች፣ መለዋወጫዋም በየሱቁ አለ» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ፣ «ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው» ብሎ ይከራከራል። ለየራሳቸው እውነት አላቸው፤ ነገር ግን ሁሉም የሚናገሩት ስለ መኪናዋ ነው እንጂ ስለሚሄዱበት መንገድ አይደለም። እኛ ግን ከመንገዱ እንጀምር።

ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፣ ጎባ ወደ 2,700 ሜትር፣ ዲንሾ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ አላቸው። ከጎባ ወደ ደቡብ የተነሣ ሰው ከ4,000 ሜትር በላይ ወደ ሆነው ወደ ሳነቴ አምባ ይወጣል፤ በዚያም የቱሉ ዲምቱ ራስ 4,377 ሜትር ደርሶ ይታያል። ከዚያ በኋላ መንገዱ በሐረና ደን ውስጥ እየተጠማዘዘ ወደ ደሎ መና ቆላ ይወርዳል፤ ከደሎ መናም አልፎ የመዳ ወላቡ ወረዳ ከተማ ወደ ሆነችው ወደ ብድሬ ይኬዳል። በአንድ ቀን ጉዞ ከውርጭ ወደ ሐሩር ማለት ነው።

ይህ ከፍታ ሞተርን እንዴት እንደሚያደክም ማወቅ ያስፈልጋል። ቤንዚንም ሆነ ናፍታ የሚነደው ከአየር ጋራ ተደባልቆ ነው። በሮቤ ከፍታ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ በሳነቴ ላይ ደግሞ በአንድ ሦስተኛ ያህል ይሳሳል። እንግዲህ አየርን ጨምቆ የሚያስገባ ቱርቦ የሌለው ሞተር ኀይሉ በዚያው ልክ ይጐድልበታል። ሰው አዲስ አበባ ላይ ፈትኖ የወደዳት ትንሽ መኪና፣ አምስት ሰውና ጓዝ ጭና ወደ ሳነቴ ስትወጣ ብትደክም፣ ጥፋቱ የመኪናዋ ሳይሆን የአየሩ ነው።

ላንድክሩዘርን የሚያመሰግኑት ሰዎች ስለ ጥንካሬዋ የሚናገሩት እውነት ነው። ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ የተሠራችው ባለ 70 ቍጥሯ ዓይነት ከመሬት ከፍ ያለች፣ አራቱም ጎማዋ የሚጐትት፣ ጭቃና ድንጋይ የማትፈራ ናት። ነገር ግን ባለ 4.2 ሊትሩ የናፍታ ሞተሯ ቱርቦ የሌለው ሲሆን እርሱም በሳነቴ ላይ ይደክማል፤ የነዳጅ ወጪዋም ከትንሽ መኪና እጥፍ ይበልጣል። መቀመጫዋ ለሽማግሌና ለነፍሰ ጡር ከፍ ያለ ነው፤ ንጥረቷም ወገብ ያማል።

ትንሿን ቪትዝ ያየን እንደ ሆነ፣ ባለ 1 ሊትር ሞተሯ ለ100 ኪሎሜትር 6 ሊትር ያህል ቤንዚን ይበቃዋል። ከሻሸመኔ በዶዶላና በአዳባ በኩል ሮቤ በሚደርሰው አስፋልት ላይ ያለ ችግር ትሄዳለች። ነገር ግን ሆዷ ለመሬት የቀረበ ስለ ሆነ በክረምት ወደ እርሻ መንደር በሚገባው ጥቁር ጭቃ ላይ ትያዛለች። ደግሞም በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍታ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ከለከለ፣ ከዚያ ወዲህ የዚህ ዓይነት መኪና የሚፈልግ ሰው የሚገዛው ቀድሞ በአገር ውስጥ ካለው ነው። ስለዚህ በቀለሟ ሳይታለል፣ የሚያምነው መካኒክ ሞተሯንና ፍሬኗን ሳያይለት ገንዘቡን አይክፈል።

የኤሌክትሪክ መኪና ግን አየር ስለማትፈልግ ከፍታው ኀይሏን አይቀንሰውም፤ ይህ ለደጋ ሰው ታላቅ ነገር ነው። ሁለት ሺህ ኪሎ የምትመዝን መኪና ከጎባ ወደ ሳነቴ 1,300 ሜትር ያህል ሽቅብ ስትወጣ፣ ለዳገቱ ብቻ 7 ኪሎዋት ሰዓት የሚያህል ኀይል ትጨርሳለች፤ ወደ ሐረና ቍልቍል ስትወርድ ግን ሞተሯ እንደ ፍሬን እየያዘ ከዚያው ከፊሉን ለባትሪው ይመልሳል። በቤት ሶኬት ሌሊቱን ብትሞላ በ10 ሰዓት ከ20 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ታገኛለች፤ ይህም ለከተማ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። ጕድለቷ ሌላ ነው። ባትሪ በብርድ ጊዜ የሚያስኬደው ርቀት ያንሳል፤ መብራት በጠፋበት ሌሊት አትሞላም፤ ከሮቤ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ደግሞ 430 ኪሎሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ በመካከል የምትሞላበትን ስፍራ አስቀድሞ ሳያረጋግጡ መነሣት አይገባም።

ቮልስዋገንን ያለ መጠን የሚወዱ ሰዎችም አሉ። ሞተሯ በነፋስ የሚቀዘቅዝ ስለ ሆነ የራዲያተር ውሃ አያሳስባትም፤ ነገር ግን የመጨረሻዋ የጥንቱ ዓይነት ቮልስ በሜክሲኮ የተሠራችው ሐምሌ 1995 ዓ.ም. ነው። እንዲህ ያለችውን መኪና መውደድ አያስነቅፍም፤ ይሁን እንጂ የምትወደድ መኪና ሌላ፣ ዘወትር የምታገለግል መኪና ሌላ መሆኗን ለይቶ ማወቅ ይገባል።

እንግዲህ ፍርዱ በምን ይሰጥ? በቀን ቍጥር ነው። በሮቤ ተቀምጦ በጎባ የሚሠራ ሰው በየቀኑ ደርሶ መልስ 28 ኪሎሜትር ያህል ይሄዳል። በዓመት 250 የሥራ ቀን ብንቈጥር 7,000 ኪሎሜትር ይሆናል። ለዚህ ትንሿ መኪና 420 ሊትር ያህል ቤንዚን ትጠጣለች፤ በ100 ኪሎሜትር 13 ሊትር የምትጠጣ ትልቅ መኪና 910 ሊትር ናፍታ ትፈልጋለች፤ የኤሌክትሪኳ ደግሞ ወደ 1,200 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃታል። ይህ ሰው ወደ ደሎ መና የሚወርደው በዓመት አራት ጊዜ ቢሆን፣ ለአራቱ ቀን ጠንካራ መኪና መከራየት ይሻለዋል እንጂ፣ ስለ አራት ቀን ብሎ የ250ውን ቀን ወጪ እጥፍ ማድረግ አይገባውም። ኑሮውና ሥራው በብድሬና በዙሪያዋ የሆነ ሰው ግን ቍጥሩ ይገለበጥበታል፤ ለእርሱ ከፍ ያለችው ጠንካራ መኪና ቅንጦት ሳትሆን የሥራ መሣሪያው ናት። ስለዚህ የሮቤው ሰው የብድሬውን፣ የብድሬውም የሮቤውን መኪና አይቶ አይቅና።

ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ደግሞ ይህ ነው። ቤተ ሰብ መኪናን በእውነት የሚፈልጋት በጭንቅ ሰዓት ነው፤ በሌሊት ምጥ የያዛትን ሴት ወይም ትኩሳት የጸናበትን ሕፃን ወደ ጎባ ሆስፒታል ለማድረስ ነው። በዚያች ሰዓት የምትጠቅመው፣ ነዳጅ ወይም ኤሌክትሪክ የሞላት፣ ፍሬኗ የታደሰ፣ በብርዱ ሳታስቸግር የምትነሣ መኪና ናት። ከአቅም በላይ የተገዛች ትልቅ መኪና ጎማ መለወጫ አጥታ ከቆመች፣ በአቅም ከተገዛች ትንሽ መኪና ታንሳለች። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም እንደ ተባለ፣ መኪናም የምትመዘነው በማድረሷ ነው።

ስለዚህ ለመግዛት ያሰበ ሰው አስቀድሞ ከባለቤቱ ጋራ ተቀምጦ፣ የዓመቱን መንገድ በወረቀት ይጻፍ፤ ከዋጋው ጋራ የሁለት ዓመት ማደሻና የጎማ ገንዘብ ይደምር፤ ለዚያች መኪና መለዋወጫና መካኒክ በሮቤ መኖሩን ይጠይቅ። ከገዛም በኋላ ከሳነቴ ሲወርድ በከባድ ማርሽ ይውረድ እንጂ በፍሬን ብቻ አይታመን። ይህን ሁሉ ካደረገ፣ ላንድክሩዘርም ትሁን ቪትዝ ወይም የኤሌክትሪክ፣ ቤቱን የምታገለግል መኪና ገዝቷል።