ደረቅ ሸለቆ ባዶ ቦታ አይደለም፤ የግንባታ ፈቃድ የሚፈተነው በሥራው ቦታ ነው

በተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ተራራማ አካባቢዎች የሚገኙት ዋዲዎች፣ ማለትም ዝናብ ሲጥል ብቻ ጎርፍ የሚወርድባቸው ሸለቆዎች፣ አብዛኛውን የዓመቱን ክፍል በደረቅነት ያሳልፋሉ። ለመንገድ፣ ለድልድይ ወይም ለቧንቧ ዝርጋታ የተሰማራ ቡድን የሸለቆውን ወለል ለአፈር መከመሪያና ለማሽን ማቆሚያ የተመቸ ባዶ ቦታ አድርጎ ሊመለከተው ይችላል። ይህ አመለካከት ግን አደጋን ይጋብዛል።

ኤፕሪል 16 ቀን 2024 በአል ዐይን፣ ኸትም አል ሸክላ በተባለው ስፍራ ከ24 ሰዓት ባነሰ ጊዜ 254.8 ሚሊሜትር ዝናብ ተመዝግቧል። ይህም መረጃ መሰብሰብ ከተጀመረበት ከ1949 ወዲህ በአገሪቱ ከታየው ሁሉ ከፍተኛው ነው። ዓመታዊ አማካዩ 100 ሚሊሜትር አካባቢ በሆነበት አገር፣ ከሁለት ዓመት የሚበልጥ ዝናብ በአንድ ቀን ወረደ ማለት ነው።

አገሪቱ የሸለቆ ጎርፍን በቸልታ አትመለከትም። በ2023 በወጣው ደንብ መሠረት ጎርፍ ወደሚወርድበት ሸለቆ ተሽከርካሪ ይዞ የሚገባ ሰው 2,000 ድርሃም ይቀጣል፤ 23 ጥቁር ነጥብ ይመዘገብበታል፤ ተሽከርካሪውም ለ60 ቀናት ይያዛል። በግንባታ ረገድም የ1999 የፌዴራል የአካባቢ ጥበቃ ሕግ ቁጥር 24 ፕሮጀክቶች ፈቃድ ከማግኘታቸው በፊት የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ እንዲደረግላቸው ያዛል።

ይሁን እንጂ ፈቃድ ማግኘትና ፈቃዱን ማክበር አንድ አይደሉም። ግምገማው የግንባታውን ሂደትም ተጠናቆ የሚቆመውንም ግንባታ ይመረምራል። ፈተናው ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው «ጊዜያዊ» ከሚባሉት ሥራዎች ነው። ለከባድ መኪና መሻገሪያ የተደለደለ አፈር የውሃውን መንገድ ይዘጋል፤ ውሃውም ገደቡን ሲጥስ በተጠራቀመ ኃይል ወደ ታች ይወርዳል። ከጄኔሬተር የፈሰሰ ናፍጣና የሲሚንቶ እጣቢም ወለሉ ላይ ደርቆ አይቀርም፤ ከጎርፉ ጋር ወደ ግድብና ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይደርሳል። ለእነዚህ ሥራዎች የሚሰጡ ፈቃዶች የውሃው መንገድ ክፍት እንዲሆን፣ ነዳጅ ከወለሉ ርቆ እንዲቀመጥና ቦታው ወደ ነበረበት እንዲመለስ የሚጠይቁት ለዚህ ነው። ዝናቡ የሥራውን መርሐ ግብር አይጠብቅም።

ይህ ጉዳይ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። በ2006 እ.ኤ.አ. በድሬዳዋ፣ ብዙውን ጊዜ አሸዋማ ወለሉ ብቻ የሚታየው የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል።

የፈቃዱን ግዴታ የመወጣት ኃላፊነት በሕግ የአሠሪውና የሥራ ተቋራጩ ነው። ሆኖም የተዘጋውን ቱቦና የሚንጠባጠበውን በርሜል አስቀድሞ የሚያየው በቦታው የሚውለው ሠራተኛ ነው። ጎርፉ ሲመጣም መጀመሪያ የሚያገኘው እርሱን ነው። ስለዚህ ያየውን ለፎርማኑ ወይም ለደኅንነት ኃላፊው ማሳወቅ፣ ሰማዩ ሲጠቁርም ማሽኖች ከሸለቆው እንዲወጡ መጠየቅ ከሥራው ድርሻ በላይ የሆነ ነገር አይደለም። በቢሮ የተፈረመው ወረቀት ትርጉም የሚያገኘው በሸለቆው ወለል ላይ ሲተገበር ነው።